ድምፄን ሸጥኩ ወይስ አከራየሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ በማንበብ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ድርጅት የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። በዋጋው በስልክ ተስማማን፣ ጽሑፉ በቴሌግራም ተላከልኝ፣ ክፍያውንም አንድ ጊዜ ተቀበልኩ። ዛሬ ያው ንባብ በቴሌቪዥን፣ በፌስቡክና ድርጅቱ ጋ ሲደወል በሚሰማው መልእክት ላይ ሳይቀር አለ። ባለፈው ወር ደግሞ ፈጽሞ ያላነበብኩትን ዓረፍተ ነገር በራሴ ድምፅ ሰማሁ። ስጠይቃቸው «ከፍለንሃል» አሉኝ። መብት አለኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መክፈላቸውን እርስዎም አልካዱም፤ ጥያቄው የከፈሉት ለምን እንደሆነ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ የሚለውን ባለሙያ (የሚዘፍን፣ የሚተውን ወይም ድምፁን አውጥቶ የሚያቀርብ ሰው)፣ ከደራሲውና ከአሳታሚው ተለይቶ የራሱ መብት ያለው ሰው አድርጎ ያየዋል። ለስቱዲዮ ሥራ የሚከፈል ገንዘብ የጉልበት ዋጋ ሲሆን፣ ቅጂው የት፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓላማ እንደሚውል ግን የፈቃድ ጉዳይ ነው። በሌሎች አገሮች ገበያ ሁለቱ በደረሰኝ ላይ ሳይቀር ተለያይተው ይጻፋሉ፤ በአሜሪካ የማስታወቂያ ፈቃድ በ13 ሳምንት ዙር እየተቆጠረ የሚታደስበት አሠራር የተለመደ ነው። እኛ ጋ ሁለቱ በአንድ ቃል፣ «ሒሳብ» በሚለው፣ ተጠቅልለው ስለሚቀሩ ነው ክርክሩ የሚነሳው።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ብቻውን ተስፋ አያስቆርጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1719 ሕግ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገው ይደነግጋል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ጽሑፉ የተላከበት የቴሌግራም መልእክት፣ በተለይ «የሬዲዮ ስፖት» የሚል ቃል ካለበት፣ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃዎ ነው። ስልክዎን ከመቀየርዎ ወይም ቻቱን ከማጥፋትዎ በፊት መልእክቱን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ማስታወቂያው በቴሌቪዥንና በስልክ መልእክቱ ላይ ሲሰማም ቀድተው ይያዙ። ቀጥሎ በጽሑፍ፣ ያለ ስድብ፣ የተስማማችሁት ለሬዲዮ እንደነበር ገልጸው ለተጨማሪው አጠቃቀም ዋጋ ያቅርቡ። ብዙ ድርጅቶች ጉዳዩ ከማስታወቂያ ክፍሉ ወጥቶ ሕግ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው መነጋገር የሚጀምሩት። ካልሆነ የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

ያላነበቡት ዓረፍተ ነገር ከሁሉም የከፋው ነው። ከድሮ ቅጂዎ ቃላት ተቆራርጠው ተገጣጥመው ከሆነ ነገሩ ያው የፈቃድ ጥያቄ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድምፅዎ ተመስሎ ከሆነ ግን ሕጋችን ገና አልደረሰበትም ማለት ይቻላል፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይቀርብ የከለከለው የሰውን ፎቶግራፍና ምስል ነው፤ ሕጉ በ1952 ሲወጣ ድምፅ ከባለቤቱ አፍ ተለይቶ ይናገራል ብሎ ማን ያስብ ነበር? የሚያግዝዎ አዲሱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ገደብ ስለሚጥል፣ ድምፅዎም ማንነትዎን የሚለይ መረጃ ነው ብሎ የመከራከር መንገድ ይከፍታል። በውጭ አገር ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ካናዳዊቷ የድምፅ ባለሙያ ቤቭ ስታንዲንግ ለትርጉም ሥራ ይውላል ብላ በ2018 እ.ኤ.አ. የቀዳችው ድምፅ ቲክቶክ ላይ የማንንም ጽሑፍ ሲያነብ ሰማችው፤ በ2021 ከሰሰች፣ በዚያው ዓመትም ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ለሚቀጥለው ሥራ ረጅም ውል አያስፈልግዎትም። ዋጋ ሲልኩ ከሥሩ እንዲህ የሚል መስመር ያክሉ፦ «ይህ ዋጋ ለአንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ፣ ለስድስት ወር ነው። ከዚህ ውጭ መጠቀም፣ ድምፁን መቆራረጥ ወይም በድምፁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠን አዲስ ስምምነት ይጠይቃል።» ደንበኛው «እሺ» ብሎ ከመለሰ ውል አለዎት። እኔ በበኩሌ ሌላ አንድ ነገር እጨምር ነበር፦ በራስዎ ስህተት የሚደገም ንባብ ነፃ ይሁን፣ ጽሑፉ ተቀይሮ የሚደገም ግን ይከፈልበት። አራት ጊዜ «ትንሽ ብቻ እናስተካክል» የተባለበት የ30 ሰከንድ ሥራ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከዚያ ደግሞ «ቼኩ እየተፈረመ ነው» የሚባልበት ወር ይከተላል።

ጥያቄ፦ ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል፤ ወደዚህ ሙያ መግባት እፈልጋለሁ። በምን ልጀምር? ማይክሮፎን ልግዛ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማይክሮፎኑ ይቆይ፤ አስቀድመው የልብስ ቁም ሳጥንዎን ይጠቀሙ። ከልብስ መካከል የተቀዳ ድምፅ ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል ውስጥ በውድ ማይክሮፎን ከተቀዳው የተሻለ ጥራት ይኖረዋል፤ ማሚቶን ማንም ኤዲተር በቀላሉ አያጠፋውም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ግን አሁኑኑ ያውጡ፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቁጥር ለሌለው ሰው የሚከፍል ድርጅት 30 በመቶ ቀንሶ ያስቀራል።

ሥራው የሚገኘው በማስታወቂያ ብቻ አይደለም። የአልኮል ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ የቢራው ገበያ ቀርቷል፤ በአንጻሩ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውጭ ተከታታይ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ይህ ሥራ ከማማር ይልቅ ትወናን፣ የባዕዱን ከንፈር እየተከተሉ መናገርንና ሳይሰለቹ መድገምን ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ንባብን ይለማመዱ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ «ብድር ይሰጣል» የሚለው ጽሑፍ ሲላላ ባንኩ ሰጪ ነው፣ ሲጠብቅ ብድሩ ራሱ የሚሰጥ ይሆናል። «ገና»ም እንዲሁ በዓሉም «ቆይ ገና ነው»ም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ እንደደረሰዎት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ፤ የሚያጠራጥርዎትን ቃል ከመቅረጽዎ በፊት ለጸሐፊው ደውለው ይጠይቁ።