ለሐረጎ መንገድ የቱ ይሻላል? ቶዮታ 86 ወይስ ኒሳን 370ዜድ

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገትና ቁልቁለት እመላለሳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ የስፖርት መኪናዎች ለሽያጭ አግኝቻለሁ፤ አንዱ ቶዮታ 86፣ ሌላው ኒሳን 370ዜድ ነው። ልቤ ጉልበት ወዳለው ወደ ኒሳኑ አዘንብሏል። ባለትዳርና የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነኝ፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በጉልበት በኩል የተመለከቱት ትክክል ነው። የ370ዜድ ባለ 3.7 ሊትር ሞተር ወደ 330 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ትውልድ 86 በ2.0 ሊትር ሞተሩ የሚያወጣው 200 ያህል ነው። ይሁን እንጂ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗና አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላቸው እነዚህ ሁለት ሞተሮች ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣሉ። ከዚያ በኋላም ኒሳኑ ፈጣኑ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ነገር ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈው ሲወጡ ያ ሁሉ ጉልበት ምን ይሠራልዎታል?

እኔ አብልጬ የማስበው ስለ ቁልቁለቱ ነው። 86 ወደ 1,240 ኪሎ ግራም፣ 370ዜድ ደግሞ ወደ 1,500 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ልዩነቱ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ እንደ መጫን ነው። በሐረጎ የሚቃጠል የፍሬን ሸራ ሽታ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። ኒሳኑ ትልልቅ ፍሬን ቢኖረውም፣ ቀላሉ መኪና በሦስተኛ ማርሽ በሞተሩ ተይዞ ሲወርድ ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የ86 ሞተር ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙ በመሆናቸው ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቦ ይቀመጣል፤ መታጠፊያ ላይ መሪውን ሲያዞሩ ይህ ወዲያው ይሰማዎታል።

ዋናው ጉዳይ ግን ልጆችዎ ናቸው። 370ዜድ የኋላ ወንበር ጭራሽ የለውም። የ86 የኋላ ወንበር ለጎልማሳ ባይበቃም ለትንንሽ ልጆች ይሆናል፤ ሲታጠፍም አራት ጎማ ያስጭናል። ስለዚህ ለእርስዎ የምመርጠው 86ን ነው።

ችግሩንም አልሸሽግዎትም። የ86 ካንዴላዎች በሞተሩ ጎን ስለሚገኙ መለወጡ አድካሚ ነው፤ ኮሮላና ሃይሉክስ የለመደ መካኒክ ቢቸገር አይፍረዱበት። ፋብሪካው ለሁለቱም መኪናዎች ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ሞተሩን በቀላሉ የማያንኳኳ ቤንዚን ይመክራል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ከሰሙ ነዳጁን አይርገጡት። የ86 ሆድ ከመሬት የሚርቀው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑም፣ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት መኪናውን ጋራዥ አስነሥተው ከሥር የተፋቀ ወይም የተጎደጎደ ነገር መኖሩን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ።