ቡቺን ጫካ ልውሰደው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቡቺ የሚባል የሁለት ዓመት ውሻ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጅሬን ዳገት ይዤው እወጣለሁ። አሁን ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በለጠ ጫካ ልወስደው አስቤአለሁ። ያለ ገመድ ብለቀው ችግር አለው? (ከጅማ)

መልስ፦ አትልቀቀው የኔ ልጅ። እኔ አንዴ የራሴን ውሻ ለቅቄ አይቼዋለሁ። ጉሬዛ ዛፍ ላይ አየና ቡና ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ስጠራው ዋልኩ። ማታ አንድ ገበሬ ደጃፍ ተኝቶ አገኘሁት፤ ለካ ዶሮ ጨርሶ ነው! ሂሳቡን ከፍዬ፣ ቡና ጠጥቼ፣ አፍሬ ተመለስኩ።

ጉሬዛስ ከዛፍ ላይ ሆኖ ያያል። ዝንጀሮ ግን አይቀለድበትም። የወንዱ ጥርስ ውሻ ይዘነጥላል። መንጋ ካየህ ገመዱን አሳጥረህ ቀስ ብለህ ዙር።

ጅሬን ስትወጣም ቢሆን ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ካለፈ ቡቺን ወደ ራስህ ሳብ። ውዱእ ያደረገ፣ ማለትም ለሶላት የታጠበ ሰው የውሻ ለሀጭ እንዲነካው አይፈልግም። እንዲህ ካደረግህ ሰፈሩ ይወድሃል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም መሬት የወደቀውን ፍሬ እንዳይበላ ጠብቀው፤ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ውሃ ያዝለት። ጅብ ሳይወጣ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ቤት ስትገባ ጆሮውንና የጣቶቹን መሃል ዳብስ፤ መዥገር እዚያ ነው የሚደበቀው። ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳበው። ጋዝ አታፍስበት።