ስኮርፒዮንን ማን ነካብኝ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ሳይነጋገሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ። ሦስቱም ከባሕር ዳር ናቸው። የጣና ነፋስ ነው መሰለኝ ያገናኛቸው። ጉዳዩ የጌም ገጸ ባሕርያት የኋላ ታሪክ ነው፤ ማን ነበረ፣ ከየት መጣ፣ ምን ደርሶበት እንዲህ ሆነ የሚለው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌያለሁ፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ሽምብጥ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሰፈራችን ጌም ቤት ሞርታል ኮምባት የሚባለውን የድብድብ ጨዋታ ስጫወት ከስኮርፒዮን ሌላ ይዤ አላውቅም። ቢጫ ልብሱ፣ ገመድ ላይ የታሰረው ጦሩ፣ «ወዲህ ና!» የሚለው ጩኸቱ። ቤተሰቡን ተነጥቆ ከሞት የተመለሰ ሰው መሆኑን የነገሩን ትልልቆቹ ልጆች ነበሩ። ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ ቤት አዲሱን አየሁት፤ ስኮርፒዮን የባላጋራው የሰብ ዜሮ ታናሽ ወንድም ሆኖ ቁጭ! ስሙም ሌላ ነው። ጨዋታው ያምራል፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ጓደኞቼ «አንተ ፋራ፣ ለውጥ አይገባህም» ይሉኛል። እውነት ችግሩ የኔ ነው? (በነገራችን ላይ ቤቴ ፕሌይስቴሽን የለኝም። ሰው የሚያወራለትን አዲሱን ጎድ ኦፍ ዋር፣ የክራቶስን ጨዋታ እንኳን ገና አልተጫወትኩም።)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ፋራም አይደለህም። ግን የበረደህ ታሪኩ ስለተቀየረ አይመስለኝም። የስኮርፒዮን ታሪክ ከዚህ በፊትም ተቀይሯል፤ ያኔ እንዲያውም የባሰ ወደድነው።

ከሥሩ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1992 ጨዋታው ሲወጣ ታሪኩ ሁለት መስመር ቢሆን ነው። አንድ ተዋጊ (ሃንዞ ሃሳሺ የሚለው ስሙ በኋላ ነው የመጣው) በሰብ ዜሮ እጅ ተገደለ፣ ሚስትና ልጅ ጥሎ ሄደ፣ ለበቀል ተመለሰ። በቃ። በ1997 አራተኛው ክፍል ሲመጣ ግን አንድ ነገር ተጨመረ፤ ቤተሰቡንና ወገኑን ያስፈጀው ኳን ቺ የሚባል ጠንቋይ ነው ተባለ። አየህልኝ? ሰውየው ለሚስቱና ለልጁ ደም ሲያሳድድ የኖረው ሌላ ሰው ነው። ይህ ለውጥ ስኮርፒዮንን አላቀለለውም፣ አከበደው። በበቀሉ ላይ ጸጸት ጫነበት። እኛም ጌም ቤት ውስጥ ይህን ስንሰማ «አይ ስኮርፒዮን!» ብለን ከንፈር መጠጥን እንጂ ማንም ወደ ሌላ ተጫዋች አልቀየረም።

አንተ ያየኸው የ2023ቱ ግን ሁሉንም ከባዶ ጀመረ። ቢጫውን የለበሰው ኩዋይ ሊያንግ ነው፣ ቀድሞ ራሱ ሰብ ዜሮ ሆኖ የምናውቀው። የተገደለች ሚስት የለችም። የሞተ ልጅ የለም። ከሲኦል መመለስም የለም። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተጣላ፣ ወጣ። የወንድማማች ጠብ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ በአንድ ክንድ መሬት ስንት ወንድማማች ፍርድ ቤት እንደቆመ አንተም እኔም እናውቃለን። ግን «ወዲህ ና!» የሚለውን ልጁን የተነጠቀ ሰው ሲጮኸውና ወንድሙ ያናደደው ሰው ሲጮኸው አንድ አይደለም። ጩኸቱ ቀረ፣ ያስጮኸው ነገር ሄደ። እጅህ እምቢ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ይህን የገጸ ባሕርዩ ዕዳ እለዋለሁ። የኋላ ታሪኩን ስትቀይር ዕዳው ከበደ ወይስ ተሰረዘ? ለእኔ ጥያቄው ይኸው ነው።

ዘጌ ሄደህ ታውቃለህ መቼም። ባሕር ዳር አድጎ ያልሄደ ካለ ነውር ነው፣ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጥተህ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገባ ከመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች መካከል በላዒ ሰብእን ታገኘዋለህ። (ቅዱሱን ታሪክ ከጌም ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፤ የማወራው ስለ አተራረኩ ነው፣ እንዳትቆጡኝ።) ታሪኩን በአጭሩ ሁላችንም እናውቀዋለን። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፣ በሚዛን ቀን ያች ውኃ አዳነችው። እኔም ልጅ ሆኜ የማውቀው ይህንኑ ነበር፤ የምፈራው ሰው በላ። አንድ ቀን ግን አንድ አባት ሥዕሉን በመቋሚያቸው እየነኩ ታሪኩን ከፊቱ ጀመሩልን። ሰውየው በፊት ስምዖን የሚባል ደግ፣ እንደ አብርሃም እንግዳ የሚቀበል ሰው ነበር አሉ። ሰይጣን እንግዳ መስሎ መጣና የሰባውን ከብት አልፈልግም፣ ልጅህን እረድልኝ አለው። ለእንግዳ እምቢ ማለት አልሆነለትም፣ አረደ። «መጀመሪያ አንተ ቅመስ» ተባለ። ቀመሰ። ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም።

እዚያው ቆሜ ፀጉሬ ቆመ። ያ ጭራቅ አባት ነበር ለካ! ልብ በል ግን፦ ይህ የኋላ ታሪክ ከ78ቱ አንዲት ነፍስ አልቀነሰም። ሚዛኑ ላይ ሁሉም አሉ። እንዲያውም የመጀመሪያው የገዛ ልጁ መሆኑን አወቅንና ሚዛኑ ባሰበት። በደሉን ሳይነካ ሰውየውን አቀረበልን።

አሁን ወደ ክራቶስ ልውሰድህ፣ ያልተጫወትከው እሱ ስለሆነ። በ2005 የመጣው ክራቶስ ቁጣ ብቻ ነበር። በጦርነት አምላኩ በአሬስ ተንኮል ሚስቱንና ሴት ልጁን በገዛ እጁ ገደለ፣ ነጭ የሆነው ቆዳውም የእነሱ አመድ ነው። በ2018 ሲመለስ ጢሙ አድጎ፣ አገር ቀይሮ፣ አትሬዩስ የሚባል ልጅ ወልዶ አገኘነው። የሠሩት ሰዎች ድሮውን ሰርዘው እንደ አዲስ ሊጀምሩ ይችሉ ነበር። አልሰረዙትም። ሰውየው ከልጁ ይደብቀዋል እንጂ። የድሮ ሰይፎቹ የታሰሩበት ሰንሰለት ያቃጠለውን ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞራል። ልጁ ታሞበት የድሮዎቹ ሰይፎች ግድ ሲሆኑ ብቻውን ቤቱ ይገባል፣ ከወለሉ ሥር ያወጣቸዋል፣ እጁ ላይ መልሶ ይጠቀልላቸዋል። ድሮ ያንን ጨዋታ የተጫወተ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ዕዳው ከነወለዱ መጣ።

የተበላሸውንም ልንገርህ። በ2013 ዴቪል ሜይ ክራይ የሚባለውን ጨዋታ ለሌላ ስቱዲዮ ሰጥተው ዋናውን ተዋጊ ዳንቴን እንደ አዲስ ሠሩት። ሁሉም የጮኸው ስለ ፀጉሩ ነበር፣ ነጩ ጠቆረ ተብሎ። ለእኔ ግን ፀጉሩ ሰበብ ነው። የድሮው ዳንቴ አባቱ ጋኔን፣ እናቱ ሰው ነበረች። በአዲሱ እናትየዋ መልአክ ተደረገች። አስበው፤ ግማሽ ሰው የነበረው ልጅ ከሰው ወገን ምንም አልቀረለትም። የሚያስቅና የሚያሳዝን ያደረገው ያ ግማሹ ነበር እኮ። ጨዋታው ለመጫወት መጥፎ አልነበረም፣ በ2019 አምስተኛው ክፍል ሲወጣ ግን የድሮው ዳንቴ ተመለሰ።

ቴከን የሚባለው የድብድብ ጨዋታ ላይ ግን እኔም ግማሽ ግማሽ ነኝ። ሄይሃቺ የአምስት ዓመት ልጁን ካዙያን ከገደል ወረወረ፤ ጠንካራ ከሆነ ይወጣል ብሎ። ጨካኝ አባት፣ አለቀ። ሰባተኛው ክፍል ደግሞ ምክንያት ሰጠው፤ የልጁ እናት ካዙሚ ውስጥ የነበረው የሰይጣን ደም ወደ ልጁ ተላልፎ እንደሆነ ለማየት ነው አለ። ምክንያት ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን ጥብቅና ይሆናል። ገደሉ ግን አሁንም ገደል ነው፣ ልጁም አምስት ዓመቱ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ያልጠላሁት።

ለጓደኞችህ እንዲህ በላቸው፦ ለውጥ ይገባኛል፣ ይህኛው ግን የሰውየውን ለቅሶ ወስዶ ልብሱን ተወልኝ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን፣ ፖሊ ነው የምንማረው። ለስልክ የሚሆን ትንሽ ጌም እየሠራን ነው። አንድ ሽማግሌ ማታ ማታ ጣና ላይ በታንኳ ዕቃ ያመላልሳል፤ እምቦጩን እያለፈ፣ ከጉማሬ እየሸሸ። መጀመሪያ ምንም ታሪክ አልነበረውም፣ የዶርም ልጆች ስልካችንን አንመልስም እስኪሉ ወደዱት። ከዚያ «ታሪክ ያስፈልገዋል» ብለን መግቢያ ሠራንለት። አባቱን በልጅነቱ ጉማሬ ገድሎበታል፣ ሌሊት የሚወጣውም ያንን ጉማሬ ሊበቀል ነው። አሁን እነዚያው ልጆች ሁለት ደቂቃ ይጫወቱና ይመልሱልናል። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ሁለት ነገር አጠፋችሁ፣ ሁለቱም ይስተካከላል።

አንደኛው፣ ጥያቄውን ገደላችሁት። ሽማግሌ በዚያ ሌሊት ሐይቅ ላይ ምን ይሠራል? ዶርም ውስጥ አንዱ «ኮንትሮባንድ ነው»፣ ሌላው «አይ፣ መነኩሴ ነው፣ ለገዳም ነው የሚያደርሰው» ሳይል አልቀረም። ጠይቋቸው። እያንዳንዱ የራሱን ሽማግሌ ሠርቶ ነበር። እናንተ መጥታችሁ የሁሉንም ሽማግሌ በአንድ ገጽ ጽሑፍ አባረራችሁት። ባዶ ቦታ መሙላት ከፈለጋችሁ የምትሞሉት ነገር ተጫዋቹ ከገመተው መብለጥ አለበት፤ የበቀል ታሪክ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ማንም ይገምተዋል።

ሁለተኛው ይብሳል። ታሪኩ ጉማሬውን አሳድደህ ተበቀል ይላል፣ ጣታቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከጉማሬ ይሸሻል! አፍና እጅ ተጣሉ። በትልልቆቹም ላይ የደረሰ ነው፣ አትፈሩ። የቱም ሬይደር ጨዋታ ጀግና፣ የ1996ቷ ላራ ክሮፍት፣ ሂማላያ ላይ ከወደቀ አውሮፕላን ብቻዋን የተረፈች፣ በኋላ ቤተሰቦቿ የካዷት፣ ማንንም የማትፈራ የባለጸጋ ልጅ ነበረች። በ2013 ታሪኳ ሲታደስ መርከብ ተሰብሮባት አንድ ደሴት ላይ የወደቀች፣ የምትንቀጠቀጥ ወጣት ሆነች። እኔ አዲሷን ወድጃታለሁ፣ ብዙ ሰውም ወዷታል። ግን መጀመሪያ ሰው ስትገድል እያለቀሰች አየናት፣ ትንሽ ቆይተን በኛው ጣት በየጥጉ ስትረፈርፍ ዋለች። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይነሳባታል።

እንግዲህ ታሪኩን እጃቸው ውስጥ አስገቡት። ታንኳ ከምን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ በቆየ ቁጥር ይከብዳል፣ አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላደረቁት አይሆንም። ይህን ጨዋታው ውስጥ ክተቱት፤ ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ታንኳዋ ትስጠም። ከዚያ ከኋላ በኩል የአንድ ሰው መቀመጫ የሚያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ተጫዋቹ እዚያ ዕቃ ሊጭን ሲል ሽማግሌው አንስቶ ወደፊት ይመልስበት። ቃል አይናገር። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ጭነቱ ሲበዛ፣ ውኃው ሲገባ፣ ያ ቦታ ግን ባዶውን ሲሄድ አስቡት። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ራሱ «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚጠብቀው?» ይላል። መልሱን እናንተ እወቁት፣ ለእነሱ ግን አትንገሯቸው። መግቢያውን አጥፉት፣ ዛሬ ማታ።

ጥያቄ፦ ቀበሌ 14 ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ፣ ልጆቼን የማሳድገው በሷ ነው። አንድ ደንበኛ «ታሪኩ ያስለቅሳል፣ ይሄን አምጪ» ብሎኝ በፕሌይስቴሽን 4 የሚሠራውን ጎድ ኦፍ ዋር ገዛሁ። አንድም ልጅ አይነካውም። ኳስ፣ ኳስ፣ አሁንም ኳስ ነው። ታሪኩ መጥፎ ነው ወይስ ተሸወድኩ?

መልስ፦ እትዬ፣ አልተሸወዱም፣ ዕቃው ጥሩ ነው። ለእርስዎ ቤት ግን አይሆንም። እርስዎ ዘንድ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከኋላ ደግሞ ሦስት ልጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ይህ ጨዋታ የአንድ ሰው ነው፣ ዋናው ታሪክ ብቻ 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ክራቶስ ልጁን ታንኳ ላይ አስቀምጦ እየቀዘፈ ተረት ሲነግረው ከኋላ የቆመው «ተረኛው እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ይጮሃል። በዚያ ጫጫታ የማንም የኋላ ታሪክ አይሰማም።

ስለዚህ አይሽጡት። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ አንዱ ስክሪን ባዶ ነው አይደል? ያንን ሰዓት በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ሒሳብ፣ ረከስ አድርገው ያከራዩ። በር ላይ ወረቀት ይለጥፉ። ከላይ የጻፈው የሽምብጡ ልጅ ፕሌይስቴሽን የለኝም፣ ክራቶስንም አልተጫወትኩም ብሏል፤ ይህን አምድ ካነበበ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ከግድግዳው በኩል ያለውን ወንበር ይስጡት፣ ድምፁንም ትንሽ ከፍ ያድርጉለት።