ልጄ በልቶ አይጠግብም፤ ኮሶ ይዞት ይሆን?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከዓምና ጀምሮ ምግብ አይበቃውም። ሦስት እንጀራ በልቶ ገበታው ሳይነሳ «እማዬ፣ ሌላ ምን አለ?» ይለኛል። በቁመት በልጦኛል፤ ሰውነቱ ግን ቀጭን ነው። ጎረቤቶቼ «ኮሶ ነው» ስላሉኝ የትል መድኃኒት ሁለት ጊዜ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ለውጥ የለም። አሁን የባህሉን ኮሶ ላጠጣው አስቤያለሁ። የሚበላው ሁሉ ወዴት ይሄዳል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወደ አጥንቱና ወደ ጡንቻው ይሄዳል። የሚያስጨንቅዎት የእንጀራው ቁጥር ሳይሆን «ልጄን ከውስጥ የሚበላው ነገር አለ ወይ?» የሚለው እንደሆነ ገብቶኛል። በዚህ ዕድሜ ወንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ቁመቱ ይቀድማል፣ ሥጋው በኋላ ይደርሳል፤ መቅጠኑ ከዚህ ነው። ኳስ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ በቀን 3,000 ካሎሪ አካባቢ ሊፈልግ ይችላል፤ ይህ እርስዎ ከሚያስፈልግዎት ይበልጣል።

ኮሶውን ግን እንዳያጠጡት። ይህን ስል እየለመንኩዎት አይደለም፣ እየከለከልኩዎት ነው። መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ዓይንን እስከ ማሳወር የደረሰ መርዝ ነው። የኮሶ ትል የሚይዘው ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ የበላን ሰው ነው። ትሉ ያለበት ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ የሚታወቀው በሰገራ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሲገኝ ነው። ይህን ካዩ ሰገራውን ያስመርምሩ፤ መድኃኒቱም በሐኪም ይታዘዝለት። ሳይመረመር ሁለት ጊዜ መድኃኒት መስጠትዎ ትክክል አልነበረም፤ ሦስተኛ እንዳይኖር።

አሁን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። የዓምና ሱሪውን ያስለብሱት። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ ወገቡን ካጠበቀው ልጁ እያደገ ነው። ወገቡ ላይ ሰፍቶ የሚወርድ ከሆነ፣ ውሃ የሚያበዛና ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። «ልጅን ስኳር አይዘውም» የሚለውን አይስሙ፤ ይዘዋል። ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ንጥረ ነገር፣ ኢንሱሊን፣ ሲያጥረው ስኳሩ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ በሽንት ይወጣል፤ ልጁ እየበላ ይከሳል። ቀጥሎ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ አፉ እንደበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። በተረኛነት ሌሊቶቼ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሰው የመጡ ልጆች ተቀብያለሁ። «ታይፎይድ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ሳምንት ከርመዋል፤ አንዱ ራሱን ስቶ ነበር። ምርመራው የጣት ጠብታ ደም ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ምልክቶቹ ኖረው ውጤቱ 200 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ የዚያኑ ዕለት ሕክምና ይጀመራል። «እስኪ ይደር» የሚባልበት በሽታ አይደለም።

እርስዎ በጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የለም፤ ስለዚህ አይደንግጡ። ልጁም ይብላ። እንጀራውን ከመጨመር ይልቅ ሽሮውንና ምስሩን ያወፍሩለት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ ወይም ድንች ይጠብቀው። በፍስክ ወተትና እንቁላል፣ በጾም ለውዝና ባቄላ አይለየው። ሻይ ከምግቡ ጋር አያጠጡት፤ የምግቡ ብረት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በእንግዳ ፊትም «ይሄ ልጅ አይጠግብም» አይበሉት፤ አፍሮ ከገበታ ይነሳና ረሃቡን በብስኩትና በለስላሳ ያስታግሳል። ለኮሶው ባሰቡት ገንዘብ እንቁላል ይግዙለት።