«መብራት ጠፍቶ ነው» ከማለታችሁ በፊት

በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ለተሰማራችሁ ልጆቼ፤

እኔ እጄን የፈታሁት በራዲዮ ጥገና ነው። አዳማን ሁሉም ሰው ናዝሬት በሚልበት ዘመን፣ ፍራንኮ አካባቢ በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ብልሽቱን ብዙ ጊዜ ከዓይኔ ቀድሞ አፍንጫዬ ያገኘው ነበር። የተቃጠለ ሬዚስተር ይሸታል፤ ካፓሲተር ያብጣል፤ የላላ ብየዳ ነካ ሲያደርጉት ራዲዮው ያንኮራፋል። እናንተ የምትሠሩባቸው ቦርዶች ግን ሲታመሙ አይሸቱም። አንድ የተሳሳተ ፋይል የገባበት ቦርድ መልኩ ከጤነኛው አይለይም። ለዚህ ነው ይህን ታሪክ የምነግራችሁ፤ የሚያኮራኝ ሆኖ አይደለም።

የአንድ ሠርግ አዳራሽ ባለቤት ድምፁን እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅና ከበሮው እየተደባለቀ ያስተጋባል። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ ለየስፒከሩ የሚያድል የድምፅ መሞከሪያ ቦርድ ገዛሁ። ዋናው ቺፕ ኤዲኤዩ1701 ነው፤ ሁለት የድምፅ መግቢያና አራት መውጫ ስላለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ይበቃል። ከጎኑ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ቺፕ ተቀምጧል፤ ኤፍኤክስ2ኤልፒ ይባላል፤ ሳይፕረስ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ነው።

ይህ የዩኤስቢ ቺፕ ጠባዩ ልዩ ነው። ፕሮግራሙን የሚይዘው 16 ኪሎባይት በሆነ ራም ላይ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ሁሉንም ይረሳል። ስለዚህ በተሰካ ቁጥር አጠገቡ ካለው ስምንት እግር ካለው ኢኢፕሮም፣ ኃይል ቢቋረጥም ከማይረሳው የማስታወሻ ቺፕ፣ ያነብባል። የመጀመሪያው ባይት ሲ2 ከሆነ ሙሉውን ፕሮግራም ወስዶ ይታዘዘዋል፤ ሲ0 ከሆነ መታወቂያ ቁጥሮቹን ብቻ ይወስዳል። ኢኢፕሮሙ ጭራሽ ካልመለሰለት ግን አይሞትም፤ ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ቁጥር ራሱን ለኮምፒውተሩ ያስተዋውቃል።

ሐሙስ ማታ ነበር፤ እሑድ በአዳራሹ ሠርግ አለ። የዩኤስቢውን ፍርምዌር፣ ማለትም ኢኢፕሮሙ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም፣ ላድስ ብዬ ተቀመጥኩ። በአንድ ፎልደር ውስጥ ስማቸው በአንድ አኃዝ ብቻ የሚለያይ ሁለት ፋይሎች ነበሩኝ። በጥድፊያ የሌላውን ቦርድ ፋይል መርጬ ጻፍኩበት። ነቅዬ መልሼ ስሰካው ኮምፒውተሩ ዝም አለ። «ያልታወቀ መሣሪያ» እንኳ አላለም። አረንጓዴዋ መብራት ግን በርታለች።

ለአዳራሹ ባለቤት ስልክ ደውዬ «እየጻፍኩ ሳለ መብራት ጠፍቶ ተበላሸ» አልኩት። እኛ ከተማ ይህን የሚጠራጠር የለም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አብራኝ ለምትሠራው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያንኑ ደገምኩላት። የሚገርመው ግን ቅዳሜ ላይ እኔው ራሴ አምኜዋለሁ! ኃይል ጎድቶታል ብዬ የኃይል መስመሩን መፈተሽ ያዝኩ። ከዩኤስቢው 5 ቮልት ይገባል፤ ቮልቱን ከሚያስተካክለው ሬጉሌተር 3.3 ቮልት ይወጣል፤ ሁሉም ጤነኛ። ጤነኛውን ሬጉሌተር ነቅዬ በአዲስ ቀየርኩ። ለቺፑ ምት የሚሰጠውን የ24 ሜጋኸርዙን ክሪስታል ጠረጠርኩ። ኬብል ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን ከሐኪሙ ደበቅሁት፤ ሐኪሙም እኔው ነበርኩ። ሠርጉ በኪራይ ዕቃ አለፈ፤ ኪራዩን የከፈልኩት ከኪሴ ነው።

ሰኞ ልጅቷ ቦርዱን አገላብጣ እያየች «ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ መብራት መቼ ጠፋ? እኔ እስከ ሦስት ሰዓት ልብስ ስተኩስ ነበር» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ «መጨረሻ ላይ የጻፉበት ፋይል የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። እውነቱን ነገርኳት። የሦስት ቀን ልፋቴ ያላገኘው መንገድ ከዚያች መልስ በኋላ በአንድ ከሰዓት ተገኘ።

ጥፋቱ ኢኢፕሮሙ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ከሆነ፣ ቺፑ እንዳያነብበው ማድረግ ነው። አንዳንድ ቦርድ ለዚሁ ጃምፐር፣ ማለትም መስመሩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ መሰኪያ፣ አለው፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። የእኔው አልነበረውም። የዳታው መስመር የኢኢፕሮሙ አምስተኛ እግር ነው። የመበየጃውን ጫፍ እንዳያቀዘቅዝብኝ ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ፤ የአዳማን ሙቀት ለምታውቁት አልነግራችሁም። በማጉያ መነጽር እያየሁ እግሩን አሙቄ በልብስ መስፊያ መርፌ ቀስ ብዬ አነሳሁት። በእግሩና በቦርዱ መካከል በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁ። ማብሪያዋን አጥፍቼ ሰካሁት፤ ቺፑ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። 04ቢ4 እና 8613 የሚሉት የፋብሪካ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ልጅቷ አጨበጨበች። እኔ ጉልበቴ ስለከዳኝ ወንበር ፈለግሁ።

ከዚያ ሳልነቅል ማብሪያዋን አበራሁ፤ ኢኢፕሮሙን የሚያነብበውንና የሚጽፍበትን አጋዥ ፕሮግራም ራሙ ላይ ጫንኩ። ወዲያው ልጽፍ ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ፦ «መጀመሪያ ያለውን እናንብብ»። አንብበን አስቀመጥነው። ከተሳሳትኩበት ፋይል ጋር ስናስተያየው ባይት በባይት አንድ ነው። ትክክለኛውን ግን ከየት ላምጣ? ከመጻፌ በፊት የነበረውን አንብቤ ባስቀምጥ ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ሐዋሳ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ተመሳሳይ ቦርድ ስላለው የእሱን አንብቦ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ጻፍን፤ መልሰን አንብበን አስተያየን፤ ነቅለን ስንሰካው ቦርዱ በራሱ ስም ተጠራ።

ይህ ዘዴ ለሁሉም ቺፕ አይሠራም። ኤስቲኤም32 የተባለውን ሌላ ቺፕ ብታገኙ ቡት0 የሚባል እግር አለው፤ መግቢያው በዚያ በኩል ነው። የየቺፑን መግቢያ ከሰነዱ ታገኙታላችሁ። በሰነድ የማይገኘው እጃችሁ መጨረሻ ላይ የሠራው ነገር ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብተር አለ፤ መልቲሜትር ከማንሳቴ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፋይሉን ሙሉ ስምና ያደረግሁትን እጽፍበታለሁ። ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ፤ እናንተም ታፍራላችሁ፤ ጻፉት ግን።

ለአዳራሹ ባለቤትም ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኩት። «የኪራዩን ከፍለሃል አይደል?» አለኝና ቡና አዘዘ።

ቦርዱ ዛሬም እዚያው ይሠራል። ማብሪያ ማጥፊያዋን አላነሳኋትም፤ በድንገት እንዳትነካ በቀይ ቴፕ ሸፍኛታለሁ። ልጅቷ ቴፑ ላይ ቀኑን ጽፋበታለች፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «መብራት አልጠፋም ነበር» የሚል ጨምራለች።