ጥያቄና መልስ፦ ከድርቀቱ በፊት ስለ ደሙ ልጠይቅሽ

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ሰነበቱ? የ47 ዓመት ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሆዴ መድረቅ ከጀመረ 2 ዓመት ሊሞላው ነው፣ በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምቀመጠው፣ እሱም ላብ እስኪያጠምቀኝ አምጬ፣ ከወጣም በኋላ አልጨረስኩም የሚል ስሜት አይለቀኝም። ሰናመኪ አፍልቼ ስጠጣ አንድ ቀን ያጥበኛል ከዛ ሦስት አራት ቀን ዝም። አልፎ አልፎ ደም አያለሁ፣ ኪንታሮት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ፣ ለወገቤ ደግሞ ትራማዶል የሚባል የህመም ማስታገሻ እወስዳለሁ። ለሰው መናገር አፍሬ ነው፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ጻፍሽልኝ፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ድርቀቱን እመለስበታለሁ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ደሙና ደም ማነሱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። አይረኑ ሲታዘዝልሽ ደምሽ በየት በኩል እንዳለቀ የጠየቀሽ ሰው አለ? የወር አበባ በዝቶብሽ ይሆናል፣ እውነትም ኪንታሮት ይሆናል፣ ግን በዚህ ዕድሜ እነዚህ ሁሉ ተደርበው ሲመጡ የትልቁ አንጀት ካንሰር አለመሆኑ ሳይታይ ኪንታሮት ነው ተብሎ አይተውም፣ ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ፣ መታየት አለብሽ። ክብደት ከቀነስሽ ወይ ከቤተሰብ ይሄ ካንሰር የያዘው ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

ሐኪሙ ፊንጢጣሽን በጣት ልመርምር ካለሽ ደግሞ እሺ በይው፣ እሱ ዝም ካለ ራስሽ ጠይቂው። ስታምጪ መላላት የሚገባው ጡንቻ ጭራሽ የሚጠብቅባቸው ሰዎች አሉ፣ ያ አልጨረስኩም የምትይው ስሜት ከዚህ ሊመጣ ይችላል፣ ለነሱ የሚሻለው ጡንቻውን በፊዚዮቴራፒ ማለማመድ ነው እንጂ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መደራረብ አይደለም። ድርቀት ሊያመጡ ስለሚችሉ ታይሮይድ (የአንገት እጢ)፣ ስኳርና ካልሲየምም በደም ምርመራ ይታያሉ።

ወደ መድኃኒቶችሽ ስንመጣ አይረኑ 5 ወሩ ነው ድርቀቱ ግን 2 ዓመቱ፣ ስለዚህ አባብሶት ይሆናል እንጂ እሱ አላመጣውም። ትራማዶሉን መቼ እንደጀመርሽ አልጻፍሽልኝም፣ እሱ አንጀትን በደንብ ነው የሚያዘገየው፣ ግን በራስሽ ድንገት እንዳታቆሚው ካዘዘልሽ ሐኪም ጋር ተነጋገሪ።

ሰናመኪው ካጠበሽ በኋላ ዝም የሚለው አንጀትሽ ባዶ ስለሆነ ነው እስኪሞላ ቀናት ይፈልጋል፣ ሰው ግን ደረቀብኝ ብሎ ይደግመዋል ከዛ መውጫ የለውም። በሱ ፈንታ ውሃ ወደ አንጀት የሚስብ፣ እንደ ላክቱሎስ ሽሮፕ ያለ፣ በየቀኑ በልክ የሚወሰድ ይሻልሻል፣ መጠኑን ሐኪምሽ ይንገርሽ። ተልባም ጥሩ ነው ግን በብዙ ውሃ፣ ከትንሽ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ አለበለዚያ ሆድሽን ይነፋሻል። በጾም ወቅት ምስሩም ጎመኑም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ውሃው ነው። ጠዋት ቁርስ ወይ ቡና እንደጠጣሽ አንጀት ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ያኔ ሽንት ቤት ግቢ፣ እግርሽን በርጩማ ላይ አድርጊ፣ ቁጢጥ ማለት መውጫውን ያቀናዋል፣ 10 ደቂቃ ሞክረሽ እምቢ ካለ ተነሺ።

ኮሎኖስኮፒው ግን ይሄን ሁሉ እስክትሞክሪ አይጠብቅም፣ ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዢ።