ለሰርግ ሙዚቀኛ ልትይዙ ነው? ጠይቁኝ

ቤቴ ኮዬ ፈጬ ነው። ክራር እጫወታለሁ፣ ሲያስፈልግ ኪቦርድም እነካለሁ። ሰርግ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ አሁን አብዛኛው ሥራዬ ከተማ ዳር ነው፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን። ጥር እየተቃረበ ስለሆነ ስልኬ እረፍት አጥቷል። የሚጠየቀው ደግሞ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ እዚሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ የወንድሜ ሰርግ ጥር መጨረሻ ነው። ሙዚቀኛ መቼ ብንይዝ ይሻላል?

ዛሬ። አልቀለድኩም። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ቅዳሜና እሁዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ ያን ጊዜ ያለፈው ሁሉ ለፋሲካ ማግስት ይሰለፋል። ቅልቅላችሁ ወይም መልሳችሁ በሥራ ቀን ከሆነ ግን አትጨነቁ። ማክሰኞ ቤቱ የተቀመጠ ጎበዝ ሙዚቀኛ ሞልቷል፣ በዋጋም ይስማማችኋል።

ከኮዬ ኮንዶሚኒየም፦ ሁለት መቶ ሰው ጠርተናል፣ ድንኳኑ ብሎኮቹ መሃል ነው የሚተከለው። ባንድ ይሻላል፣ ዲጄ ወይስ አዝማሪ? ቤተሰቡ ሦስት ቦታ ተከፍሏል።

ሙሉ ባንድ ማለት ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ድምፃዊ ነው። ድራሙ ብቻውን አንድ የአማት ጠረጴዛ የሚያህል ቦታ ይወስድባችኋል። ድንኳን ደግሞ ሸራ ነው፣ ድምፅ አያቆምም። ፊት ለፊት ያለው የብሎክ ግድግዳ ግን ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ እዚያው እናንተ ግቢ ስጫወት የራሴን ድራመር ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ላይ ማንም ከማንም አይሰማማም፤ አክስትሽ «ምን አልሽ?» እያሉ ውለው ይሄዳሉ።

እኔ ብሆን አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ መቺና አንዲት ጥሩ ድምፅ ያላት ሴት እይዝ ነበር። ምሳ ሲበላ ማሲንቆው በየጠረጴዛው እየዞረ ሽማግሌዎቹን ይጫወትላቸዋል። ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ዲጄው ይግባና ወጣቱ ይጨፍር። ገንዘቡም ከሙሉ ባንድ ያነሰ ነው። ዝነኛ ድምፃዊ ካልመጣ የሚለው ዘመድ ካለ፣ መድረኩ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዘፈን ተጫውቶ ወደሚቀጥለው ሰርግ ነው የሚሮጠው።

ከቡራዩ፦ አዝማሪ እንፈልጋለን፣ ግን እንዳያዋርደን ፈራን።

ፍርሃታችሁ ልክ ነው፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአዝማሪው አይደለም። አዝማሪ የሚያዜመው የሰጣችሁትን ነው። ከሰርጉ በፊት ቁጭ በሉና ንገሩት፦ የሙሽራው አያት ማን ይባላሉ፣ አገራቸው የት ነው፣ ሙሽሪት ምን ትሠራለች፣ ሚዜው በምን ይታወቃል። ከዚያ ደግሞ የማይነሳውን ንገሩት። አንድ ጊዜ አብሮኝ የነበረ ማሲንቆ ተጫዋች የሙሽሪትን እናት ከባላቸው ጋር አነሳስቶ አወደሳቸው። ከተፋቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ኖሯል፣ አዲሱ ባል አጠገባቸው ተቀምጧል። ማን ነገረው? ማንም።

ሁለተኛው አደጋ «ተቀበል!» የሚለው እንግዳ ነው። ሁለት ብርሌ ጠጅ የጠጣ አጎት ሰምና ወርቅ መስሎት ስድብ ያቀብላል፣ አዝማሪው ደግሞ መቀበል ሥራው ነው። «ነገር ካለው አለስልሰው፣ እኛ ከጎንህ ነን» በሉት። የሠለጠነ አዝማሪ አንዲት ቃል ለውጦ ስድቡን ምስጋና ያደርገዋል፤ አጎትየውም የራሱ ግጥም መስሎት ያጨበጭባል።

ከዚያው ከቡራዩ፦ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ሽልማትስ የማን ነው?

የእሱ ነው። ከክፍያው ላይ ይቀነስ የሚል ኮሚቴ አጋጥሞኛል፣ አሳፋሪ ነው። ከሌሎቹ ተጫዋቾች ጋር እንዴት እንደሚካፈል የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ መብራት ይሄዳል። ስንት ኪሎ ቮልት አምፒር ጄኔሬተር እንከራይ?

ስለ ጄኔሬተሩ ከመናገሬ በፊት እኔ የምጠይቀው ምጣዱ የት ነው የሚሰካው የሚለውን ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ለድንኳን የሚበቃ ሁለት ስፒከር፣ ሚክሰርና ኪቦርድ ተደምረው ከአንድ ምጣድ ያነሰ ነው የሚፈጁት። ሁለቱ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሆኑ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ኃይሉ ይወርድና ኪቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል። እንጀራው በዋዜማው ይጋገር። ካልሆነ ምጣዱ ከጎረቤት ቤት ይሰካ፣ የድምፁ መስመር ለብቻው ይሁን።

ለእንዲህ ዓይነቱ አነስተኛ ሳውንድ ሲስተም ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፒር ይበቃል፣ ማቀዝቀዣና ምጣድ ካልቀጠላችሁበት። ከግድግዳ ጀርባ አስቀምጡት፣ በዋዜማው አስነስታችሁ ሞክሩት፣ ነዳጁን ማን እንደሚገዛ ቁርጡን ተነጋገሩ። ክራርና ማሲንቆ መብራት አይጠብቁም፤ አንዴ ለገጣፎ ሙሉውን ምሳ ያለ ማይክ ተጫውተናል፣ ያማረረ አልነበረም። (የሱሉልታ ሰዎች፦ ብርድና እርጥበት የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል። ተጫዋቹ ከሰል አጠገብ ሲያሞቀው ብታዩ ስንፍና እንዳይመስላችሁ።)

ከለገጣፎ፦ ባለፈው ዓመት ቀብድ ሰጥተን ሰውየው በሳምንቱ «ሌላ ሥራ ያዝኩ» አለን። ምን ማድረግ ነበረብን?

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። እናንተም «ሙሽራው ሐሳቡን ቀየረ» ብላችሁ ብትቀሩ ያው ቀብዱ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ስንት ተጫዋች፣ እነማን፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ትራንስፖርት በማን። «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱ ይጻፍ፣ በቴሌብር ስትልኩም ምክንያቱ ላይ አስገቡት። የተጫዋቾቹን ስም የምላችሁ አለነገር አይደለም። እኔን ይዘው ሌላ ክራር ተጫዋች የመጣላቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ያን ቀን እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር።

ሰዓቱን ስትጽፉ «ከቀኑ» ወይም «ከጠዋቱ» በሉ። ከውጭ የመጣ አንድ ሙሽራ «3 ሰዓት» ብሎ ጻፈልኝ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደረስኩ። ድንኳኑ ገና መሬት ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ለካ 9 ሰዓት ማለቱ ነው።

ከገላን፦ የሙሽራው ወገን ኦሮሞ፣ የሙሽሪት ወገን ጉራጌ ነው።

ከተማ ዳር ይህ የዘወትር ነው። «ሁሉንም እንጫወታለን» የሚላችሁን ስልክ ላይ እንዳለ ከየቋንቋው አንድ አንድ የሰርግ ዘፈን አዝማች አዘፍኑት። የማይችል ከሆነ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለ፤ የየወገኑ እናቶች ከበሮና ጭብጨባውን ይያዙ፣ ሙዚቀኛው ይከተላቸው። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ የደመቀ ሰርግ አላየሁም።

ከሱሉልታ፦ ሙሽሮቹ ሲገቡ በገና ቢደረደርስ?

እኔ አልመክርም። ባለ 10 አውታሩ በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነው፤ ከኋላው እስክስታ ሲከተል ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ይለወጣል። መንፈሳዊ ሰርግ ከሆነና መዝሙር ብቻ ከሆነ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ለአዳራሽ መግቢያ ዋሽንት ብቻውን በቂ ነው።

ከአቃቂ፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ሰርግ እሁድ ነው። ትናንት ሁለተኛው ቤት ጎረቤታችን ዐረፉ። ባንዱ ቀብድ ተቀብሏል። ምን ይሻላል ትላለህ?

እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኛል፤ ያው የዕድሩ ድንኳን ለሁለቱም ተፈልጎ ሳይቀር። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌ ወደ ለቅሶ ቤቱ ይላኩ፤ ለመንገር አይሁን፣ ለማስፈቀድ ይሁን። ብዙ ጊዜ ሐዘንተኞቹ ራሳቸው «ሰርግ አይቆምም፣ ደግሱ» ይላሉ። ቢሉም ግን ስፒከር እንዳያስወጡ። ለባንዱ መሪ ዛሬውኑ ደውለው እውነቱን ይንገሩት፤ ሰው ነው፣ የእሱም ሰፈር ለቅሶ ያውቃል። ድራሙና ጊታሩ ይቅር፣ ክራርና ድምፃዊት ብቻ ይምጡ፣ ቀብዱ በዚያው ይታሰብ። በሰፈሩ መንገድ ላይ ጥሩምባና ጭፈራ አይኑር፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው በር ውስጥ ይሁን። ከምግቡም ቀድሞ ለለቅሶ ቤቱ ይላክ። ክራር የሚጫወት ካጡ ይደውሉልኝ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ባዶ ነኝ።